ኪያር ያከሳል? ኪያር ያስገሳል?

በዚህ ወር የደረሱኝን ደብዳቤዎች ስከፍት ሳቅ አመለጠኝ። አንዷ ኪያር አከሳኝ ትላለች። ሌላው ኪያር ሰው ፊት አዋረደኝ ይላል። ሌላዋ ደግሞ ኪያርና ቲማቲም አብሮ መብላት መርዝ ነው ሲባል ሰምታ ሰላጣ እርም ብላለች። ሁለት ሦስቱን መልሼ የቀረውን ለሚቀጥለው ወር ላሳድር አስቤ ነበር። ግን አንዱ የሌላውን ጅራት ይዞ መጣ፤ እኔም ዓምዱን በሙሉ ለኪያር ለቀቅኩለት።

«ጤና ይስጥልኝ። ሰባት ቀን ሙሉ ኪያር ብቻ ስበላ ቆየሁ፤ በቀን ሁለት ኪሎ ገደማ። አራት ኪሎ ቀነስኩ። በአምስተኛው ቀን ግን ከአልጋ ስነሳ ራሴን አዞረኝ፣ ዓይኔም ጨለመብኝ። ጓደኛዬ ‹ስቡ እየቀለጠ ስለሆነ ነው፣ ቀጥዪ› አለችኝ። ልቀጥል ወይስ ላቁም? ኪያር እውነት ስብ ያቃጥላል?» ልክሳ ያለችው

አቁሚ፣ እህቴ። ይህን ስታነቢ አሁንም ኪያር ላይ ከሆንሽ ዛሬውኑ አቁሚና ሰው የሚበላውን ብዪ። ራስ ማዞሩ የስብ መቅለጥ ምልክት አይደለም። ሰውነትሽ «ራበኝ» እያለሽ ነው።

እስቲ አብረን እንደምር። 100 ግራም ኪያር 15 ካሎሪ አለው። ሁለት ኪሎ ማለት 300 ካሎሪ ነው። ሰውነትሽ በቀን በግርድፉ 2000 ካሎሪ ያወጣል ብንል በየቀኑ 1700 ጎድሎሻል። በሰባት ቀን 11,900 ይመጣል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7700 ካሎሪ ይይዛል። እንግዲህ የጎደለው ሁሉ ከስብ ተሸፈነ ብንል እንኳ (ሁሉም ከስብ አይሸፈንም) የቀለጠው ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አያልፍም። የቀረው ሁለት ኪሎ ተኩል የት ገባ?

ሽንት ቤት። አብዛኛው ውሃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ለችግር ጊዜ የሚያስቀምጡት ግላይኮጅን የሚባል ስንቅ አለ። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምግብ ሲጠፋ ስንቁ ይወጣል፣ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ሚዛኑ በሦስት ቀን ውስጥ ደስ ያሰኝሻል። እንደ ሰው መብላት በጀመርሽ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያስለቅስሻል። ያኔ «ኪያሩን ስተው ተመልሶ መጣ» ትያለሽ። መጀመሪያውንም አልሄደም ነበር።

ማዞሩስ ከየት መጣ? የሚበላው ነገር እንዲህ ሲያንስ ኩላሊት ጨውና ውሃ አብዝቶ ያስወጣል። ኪያር ደግሞ ጨው የለውም ማለት ይቻላል፤ በ100 ግራም ውስጥ 2 ሚሊግራም ሶዲየም ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ድንገት ብድግ ስትዪ ግፊትሽ ይወርዳል፣ ዓይንሽ ይጨልማል። በዚያ ላይ ፕሮቲኑን ተመልከቺ። በሁለት ኪሎ ኪያር ውስጥ ያለው 13 ግራም ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ቢያንስ 48 ግራም ገደማ ያስፈልጋታል። የጎደለውን ሰውነት ከየት ያመጣል? ከጡንቻ ይቆርሳል። ማዞሩ መብላት ከጀመርሽም በኋላ ካልተወሽ፣ ወይም ልብሽ የሚደልቅ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ስብ የሚያቃጥል አትክልት የለም። ይህን ስል ግን ኪያር ለመክሳት አይረዳም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በደንብ ይረዳል፤ ግን በሌላ መንገድ። ሰዎችን ሳስተምር ሁልጊዜ የማደርጋት አንዲት ነገር አለችኝ። አንድ ኪያር በስሱ እቆራርጥና ወንፊት ላይ አደርገዋለሁ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እነሰንስበታለሁ። ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጥና ወሬ እንቀጥላለን። ብዙም ሳይቆይ የቁራጮቹ ፊት ማላብ ይጀምራል። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ይሰማል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሳህኑ ላይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ውሃ ይጠራቀማል፤ ቀጥ ብለው የነበሩት ቁራጮች ተለምጠው ጣት ላይ ይጠቀለላሉ። ከተሰብሳቢው አንዱ «ተአምረኛ የተባለው ይሄ ነው?» ማለቱ አይቀርም።

አዎ፣ ይሄ ነው። ኪያር ከ100 እጅ 95 እጁ ውሃ ነው። 300 ግራም የሚመዝን አንድ ኪያር ስትበዪ 285 ግራም ያህል ውሃ ጠጥተሻል ማለት ነው፤ ያውም እያኘክሽ። ሆድሽ ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ ጥርስሽን ሥራ ያስይዛል፣ ዋጋው 45 ካሎሪ ብቻ ነው። ከምግብ በፊት ወይም ከምግብ ጋር ብትበዪው ከሌላው ትንሽ ትቀንሻለሽ። ውሃ መጠጣት ለሚረሳ ሰውም ጥሩ ዘዴ ነው። አንቺ ያጠፋሽው ኪያር መብላትሽ አይደለም፤ አጃቢውን ብቻውን ሙሽራ ማድረግሽ ነው። አጠገቡ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ ሥጋ ወይም ዓሣ ይኑር።

በነገራችን ላይ በኪያር ፍቅር የተያዝሽው አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። በሉቃስ ወንጌል ስሙ የተጠቀሰው ጢባርዮስ ቄሳር ኪያር ሳይበላ የዋለበት ቀን አልነበረም ብሎ ፕሊኒ የሚባል ሮማዊ ጽፏል። አትክልተኞቹ ተክሉን መንኮራኩር ባለው መደብ ላይ ተክለው ከፀሐይ ፀሐይ ይገፉት ነበር አሉ። የዛሬ ዘመን ተመራማሪዎች ደግሞ «ያ ኪያር ሳይሆን የሜሎን ዘመድ ነበር» ብለው ወሬውን አበላሽተውብናል። ያም ሆነ ይህ ቄሳሩ ኪያር ብቻ ይበላ ነበር ያለ የለም።

«ኪያር እወዳለሁ፤ እሱ ግን አልወደደኝም። በበላሁ በሩብ ሰዓት ያስገሳኛል፣ ሆዴን ይነፋኛል። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ እያነጋገሩኝ ሳለ አመለጠኝ። ተዋረድኩ። የጨጓራ ችግር ይሆን?» የተዋረደው

አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ አለቃህ ፊት ነው። እኔ ስለ ጤናማ አመጋገብ ንግግር ላደርግ ማይክ ጨብጬ ነው ያገሳሁት። ድምፅ ማጉያው ደግሞ አልራራልኝም። ከንግግሩ በፊት ቆሜ፣ በችኮላ፣ አንድ ሙሉ ኪያር ከነልጣጩ ውጬ ነበር።

በዚህ ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው ኩከርቢታሲን የሚባለው መራራ ንጥረ ነገር ነው። የኪያርና የዱባ ዘር ሁሉ ራሱን ከተባይ የሚከላከልበት መሣሪያ ነው። አራቢዎች ይህን መራራነት ቀንሰው «የማያስገሳ» እያሉ የሚሸጧቸው የኪያር ዝርያዎች አሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ልጣጩ ስስና ፍሬው እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ ብዙ ጊዜ ከዚያ ወገን ነው። እሱን ሞክር። ልጣጩን ላጠው፤ ፍሬው የበዛና የጠነከረ ከሆነ መሐሉን በማንኪያ ፍቀህ አውጣው። በግንዱ በኩል ያለውን ጫፍ ጣት ያህል ቆርጠህ ጣለው። ከሁሉም በላይ ቀስ ብለህ አኝክ። እየተጣደፉ ሲውጡ አየርም አብሮ ይዋጣል፤ ያ አየር ደግሞ መውጫው አንድ ነው። (ሁለት ነው እንጂ፤ ሌላውን አላነሳውም።)

ኪያር ሲበላ ብቻ የሚመጣ ግሳት ነውር እንጂ በሽታ አይደለም። ምንም ብትበላ የሚያቃጥልህ፣ የሚያስመልስህ ወይም ሳታስበው እየከሳህ ከሆነ ግን ኪያሩን ተወውና ተመርመር። ሌላም አለ፤ ኪያር ስትበላ ከንፈርህን፣ ምላስህንና ጉሮሮህን ወዲያው የሚያሳክክህ ከሆነ ነገሩ የጨጓራ ሳይሆን የአለርጂ ነው። ራግዊድ የሚባለው አረም የአበባ ብናኝ የማይስማማቸው ሰዎች ኪያር፣ ሜሎን ወይም ሙዝ ሲበሉ እንዲህ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ ሰውነታቸው የአንዱን ፕሮቲን ከሌላው ጋር ያምታታዋል። ማበጥ ወይም መተንፈስ ማስቸገር ከተጨመረበት ለነገ አይባልም፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ነው።

«የኪያሩን ጫፍ ቆርጬ በቁራጩ ሳሸው ነጭ አረፋ ይወጣል። መራራው ወጣ እላለሁ። ባለቤቴ ግን ይስቅብኛል። ማናችን ነን ልክ? ደግሞ መራራ ኪያር ለስኳር በሽታ መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ።» አረፋ አውጪዋ

ግማሽ ግማሽ ልካፈላችሁ። አረፋው ከተቆረጠው ኪያር የወጣ የተክሉ ፈሳሽ ነው፤ በማሸት የመጣ። በዚያች ደቂቃ ከኪያሩ ሆድ ውስጥ መራራነት ተስቦ አይወጣም። የሚጠቅምሽ ማሸቱ ሳይሆን መቁረጡ ነው። መራራው የሚበዛው በግንዱ በኩል ባለው ጫፍና ከልጣጩ ሥር ነው፤ አንቺ ደግሞ ካሸሽ በኋላ ጫፉን ትጥይዋለሽ። ስለዚህ ባልሽ ይሳቅ፣ አንቺም ቁረጪ። ውሃ የተጠማና ሙቀት ያቃጠለው ተክል ኪያሩን ያመርረዋል። ከዚያው መደብ አንዱ ጣፋጭ ሌላው መራራ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ ግን አልቀልድም። መራራ ኪያርን እንደ መድኃኒት መዋጥ ይቅር። ኩከርቢታሲን ሲበዛ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። መቀቀልም አያጠፋውም። ከባድ መመረዝ ሲደርስ የሚሰማው በአብዛኛው መራራ ዱባና ዝኩኒ በበሉ ሰዎች ላይ ነው፤ በኪያር እንዲህ መጎዳት ብርቅ ነው፤ ምላስ ቀድሞ ስለሚተፋው። ምላስሽን እመኚው። ጫፉን ቆርጠሽ ቀጥሎ ያለችውን ስስ ቁራጭ ቅመሺ። መረረ? ሌላም ቦታ ቅመሺ። አሁንም መረረ? ይጣል። ስኳር ያለበት ሰው ተራውን ኪያር እንደ ልቡ ቢበላ ችግር የለውም፤ በ100 ግራም 3.6 ግራም ካርቦሃይድሬት ብቻ ስለሆነ ስኳሩን ብዙ አያነሳሳውም። ስኳሩን አያወርድም ግን። መድኃኒቱን በኪያር የሚተካ ሰው ካለ አስቁሙልኝ።

«አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ለልባቸው ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ‹አረንጓዴ ነገር እንዳልበላ ተነግሮኛል› ብለው ኪያር ስናቀርብላቸው ይገፉታል። በጠርሙስ ያለውን ኮምጣጣ ኪያር ግን ተደብቀው ይበላሉ። ግፊትም አለባቸው። ምን እንበላቸው?» ልጃቸው

አባትዎ የገፉትና የደበቁት ተቀያይሮባቸዋል።

ዋርፋሪን የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማደናቀፍ ነው። ቫይታሚን ኬ ደም እንዲረጋ ያግዛል፤ በምግብ ድንገት ሲበዛ መድኃኒቱ ይደክማል፣ ድንገት ሲቀንስ ደግሞ መድኃኒቱ ይበረታና ደም መፍሰስ ያሰጋል። ችግሩ ድንገት የሚለው ላይ ነው። 100 ግራም ኪያር ከነልጣጩ 16 ማይክሮግራም ገደማ ቫይታሚን ኬ አለው፤ ሲላጥ 7 ገደማ። ያንኑ ያህል ጥሬ ስፒናች ወደ 480 ነው። ለአንድ አዋቂ ወንድ በቀን ይበቃል የሚባለው 120 ነው። እንግዲህ ስፒናችና ኪያር ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው ተብለው እኩል አይፈረድባቸውም። በምሳ ላይ ጥቂት ቁራጭ የተላጠ ኪያር የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው ዛሬ ምንም፣ ነገ ሁለት ኪሎ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ሁለት ኪሎ ከነልጣጩ ከ300 ማይክሮግራም ያልፋል። ልክ እንደ መጀመሪያዋ ጠያቂያችን ማለት ነው። አባትዎ በየጊዜው አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ ስለሚያደርጉ መጀመር የሚፈልጉትን ለሚከታተላቸው ሐኪም ይንገሩት፣ ከዚያ በየቀኑ ተቀራራቢ መጠን ይብሉ።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ጥሬ ኪያር በ100 ግራም 2 ሚሊግራም ሶዲየም ነበረው አላልኩም? ጨውና ኮምጣጤ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲወጣ 800 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ተደብቀው ሦስት አራት ከጎረሱ የቀኑ ድርሻቸው እዚያው ጠርሙስ አጠገብ አለቀ። ያ ዕቃ ግፊት ላለበት ሰው መክሰስ አይደለም። ኮምጣጣውን ከወደዱ ትኩስ ኪያር ቆራርጠው ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ያንጠባጥቡበት፣ ጨዉን ይዝለሉት። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። ጥቂት ሳምንታት ይታገሷቸው፤ ምላስ ይለምዳል።

ስለ ኩላሊትም የጠየቃችሁ ስላላችሁ እዚሁ ላጠቃልለው። ኪያር ፖታሲየሙ (የደከመ ኩላሊት ማስወጣት የሚያቅተው ማዕድን) ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው፣ በ100 ግራም 147 ሚሊግራም ገደማ። ነገር ግን ፈሳሽ ተመጥኖ የታዘዘለት ሰው ኪያርን እንደ ምግብ ሳይሆን እንደ ውሃ ይቁጠረው።

«ኪያርና ቲማቲም አንድ ላይ መርዝ ይሆናል የሚል ቪዲዮ አየሁ። ዕድሜ ልኬን አብሬ ስበላ ኖሬያለሁ። አልቆልኛል?» ሰላጣ የፈራችው

አላለቀልሽም። መርዝ የሚባል ነገር የለም። ወሬው የተነሣባት ቅንጣት እውነት ግን አለች። ኪያር ሲቆረጥ ቫይታሚን ሲን የሚበላ ኢንዛይም ይለቃል፤ ከቲማቲሙ ቫይታሚን ጥቂት ይቀንሳል። ቶሎ ብትበዪው ለመቀነስም ጊዜ አያገኝም። ሎሚ ጠብ ካደረግሽበት ኮምጣጣው ኢንዛይሙን ያዳክመዋል። ብዪ።

«የምገዛው ኪያር ልጣጩ ያብረቀርቃል። ሰም ተቀብቶ ነው ይላሉ። ቫይታሚኑ ያለው ልጣጩ ላይ ነው የሚሉም አሉ። ልላጠው ወይስ ልጠበው?» ግራ የገባው

ሁለቱንም፣ በቅደም ተከተል። መጀመሪያ ታጥቦ ነው የሚላጠው። ብዙ ሰው «ልልጠው አይደል፣ ምን ያሳጥበኛል» ይላል። ቢላዋው ግን ከልጣጩ ላይ ያለውን ጀርም ይዞ ሥጋው ውስጥ ይገባል። በሚወርድ ውሃ ሥር፣ በእጅ ወይም በንጹሕ ብሩሽ ማሸት ነው። ሳሙና አያስፈልግም። ሰሙ ራሱ ለምግብ የተፈቀደ ነው፤ ውሃው ተንኖ እንዳይጠወልግ የሚደረግ ነው። ከጠላኸው ላጠው፤ የምታጣው ጥቂት ፋይበርና ከግማሽ በላይ ቫይታሚን ኬውን ነው። ሳትላጠው ብትበላው እኔ እመርጣለሁ።

እጥበቱ ላይ ችክ የምለው በከንቱ አይደለም። በ2015 አሜሪካ ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ያለበት ከሜክሲኮ የገባ ኪያር 907 ሰው አሳመመ፤ 6 ሰው ሞተ። እጥበት ሁሉን ያስቀራል ማለት አይደለም፣ ግን ይቀንሳል። ኪያር ያለ ጥፋቱ የተከሰሰበት ጊዜም ነበር። በ2011 ጀርመን ውስጥ ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ከ3800 በላይ ሰው አሳመመ፣ ከ50 በላይ ገደለ። መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው የስፔን ኪያር ላይ ነበር። ገበያው ባንዴ ተዘጋ፤ ገበሬዎች ኪያራቸውን በጭነት መኪና እየገለበጡ ጣሉ። በኋላ ሲጣራ ጥፋተኛው የአብሽ ቡቃያ ሆኖ ተገኘ፤ ዘሩ ከግብፅ የመጣ። ኪያር ይቅርታ ይጠየቅ እንደሆነ አልሰማሁም፤ ገበሬዎቹ ግን ካሳ ተከፍሏቸዋል።

«ኪያር ቆርጦ ዓይን ላይ ማድረግ ጥቅም አለው?» እንቅልፍ ያጣችው

ቅዝቃዜው እብጠቱን ለጊዜው ያበርደዋል፤ እርጥብ ቀዝቃዛ ጨርቅም ያው ነው። ጋደም ብለሽ ሩብ ሰዓት ዓይንሽን መጨፈንሽ ሳይበልጥ አይቀርም።

«ኪያር ፍሪጅ ውስጥ በሦስት ቀን ሙልጭልጭ ይልብኛል። ምን እያጠፋሁ ነው?» ኪያር የሚያባክነው

ምናልባት በጣም እያቀዘቀዝከው ነው። ኪያር የሞቃት አገር ተክል ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲቆይ ይጎዳል፣ ልጣጩ ይጎደጉዳል፣ ውሃ ይቋጥራል። ከፍሪጁ ጀርባ ግድግዳ አርቀው፣ ብርዱ በሚለዝብበት በበሩ በኩል አስቀምጠው። ሳታጥበው በደረቅ ጨርቅ ወይም ወረቀት ጠቅልለው፤ የምታጥበው ልትበላው ስትል ነው። ከሙዝ፣ ከቲማቲምና ከሜሎን ጋር አታቆራኘው፤ ሲበስሉ የሚለቁት ጋዝ ያስረጀዋል። የተቆረጠውን ሸፍነህ በማግሥቱ ጨርሰው። ሙልጭልጭ ያለውን ግን «አጥቤ ልብላው» አትበል፤ ጣለው።